ሦስት ልጆች በአንድ ዓረፍተ ነገር

ሰዋስው አእምሮን ያሠለጥናል ይባላል። አያሠለጥንም። ዓረፍተ ነገሩን ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሐሳቡም ቀጥ ያለ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ። አብዛኞቹ መምህራን ናቸው፤ ኑሯቸውንም አይቻለሁ። ነጠላ ሰረዙን በቦታው የሚያኖር ሰው ልጁን፣ ሚስቱን ወይም ሠራተኛውን በቦታቸው ያኖራል ማለት አይደለም። እኔ እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ምንም እንከን ያላገኘሁበት አንድ ነው። እሱም የአንዲት ሴት ዐሥር ዓመት የተቀበረበት ነው።

ሰዋስውን የተማርኩት ካዛንቺስ ነው፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ማትሪክ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ያስተማሩን ሰው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከሆቴሎቹ ጀርባ ባለው መንደር ውስጥ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ባለች የቀበሌ ቤት ሳሎን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበስቡናል። ጥቁር ሰሌዳው ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር ከእድሩ የተዋሱት ሲሆን፣ ሰፈር ውስጥ ሰው የሞተ ቅዳሜ ወንበሩ ለለቅሶ ስለሚሄድ መሬት ላይ እንቀመጥ ነበር። ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሞት ነበር።

ጋሼ ከእንግሊዝኛ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ፓራለል ስትራክቸር የሚባለውን ነው። ነገሩ ቀላል ነው። አንድን ሰው ወይም አንድን ነገር የሚገልጹ ቃላት ሲደረደሩ ዓይነታቸው አንድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ቅጽል ከሆነ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቅጽል ይሁን። አንዱ በሐረግ ከመጣ ሌሎቹም በሐረግ ይምጡ። ፈተና ላይ ከአራቱ ምርጫዎች መጨረሻው የሚመሳሰለውን መርጦ ማክበብ ነው። ይህን ለማወቅ ማሰብ እንኳ አያስፈልግም። እኔ ትርጉማቸውን የማላውቃቸውን ቃላት እያከበብኩ ሁሉንም አግኝቻለሁ። ሰዋስው ማሰብን ያስተምራል ለሚሉኝ ሁሉ የማቀርበው የመጀመሪያ ማስረጃ እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ፊት የተቀመጠችውን ልጅ አስነሷት።

«እስቲ አንቺ፣ እናትሽን በሦስት ቃል ግለጪልን።»

«ማይ ማዘር ኢዝ ካይንድ፣ ፔሸንት፣ ኤንድ ሺ ጌትስ አንግሪ» አለች።

ጋሼ ጠመኔያቸውን አነሡ። «ደግ፣ ታጋሽ፣ እና ትቆጣለች። ሰማችሁ? ሁለቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ይነግሩናል። ሦስተኛው ምን እንደምታደርግ ነው የሚነግረን። እነዚህ አብረው አይሰለፉም። አንግሪ በይና ተቀመጪ።»

«አንግሪ ካልኩማ ቁጡ ናት ማለቴ ነው፣ ጋሼ። እናቴ ቁጡ አይደለችም። ትቆጣለች እንጂ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ኧረ ጋሼ! አንድ ቀን ቤት ቢመጡ ያዩታል።»

ከኋላ አንዱ «ውሸቱማ ታጋሽ ናት ያልሽ ጊዜ ነው የጀመረው! አጥር ለአጥር ነን እኮ፤ ዝም ያለችበትን ቀን አላውቅም» አለና ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ልጅቷ ዞራ ደብተሯን ወረወረችበት።

ጋሼ አልሳቁም። «ፈተናው እናትሽን አያውቃትም» አሏት። «ፈተናው የሚያውቀው ቅርጹን ነው። ቅርጹን ስጪውና ማለፊያሽን ተቀበዪ።»

እኔ ይህን ያኔ ትልቅ ጥበብ አድርጌ ወሰድኩት።

ጋሼ ሚስታቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች ያሏቸው ሰው ነበሩ። ሁለቱ ወንዶች ውጭ ነበሩ። ቤት ውስጥ የነበረችው ሴት ልጃቸው ብቻ ናት። ከእኔ ሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ውላ፣ ከታክሲ ወርዳ፣ ትምህርቱ መሃል ትደርሳለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ በጫፍ በጫፍ እየረገጠች በመካከላችን ታልፍና ወደ ጓዳ ትገባለች። እኛ ወንዶቹ ለዚያች ደቂቃ ሰዋስው አቁመን እሷን እንገልጽ ነበር፤ በቅጽል።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጋሼን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸውን ሙሉ ያዘው። ታላቁ ልጃቸው በዚያን ጊዜ አሜሪካ ሐኪም ሆኗል፤ ሁለተኛው ካናዳ መሐንዲስ ነው። ገንዘብ ይልኩ ነበር። ይህን የምጽፈው እነሱን ልወነጅል አይደለም፤ መድኃኒቱም፣ ዳይፐሩም፣ ዊልቸሩም በእነሱ ገንዘብ ነው የተገዛው። እሷ መጀመሪያ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። ቀጥላ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቀች። በመጨረሻ መሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ጽፎ አሰናበታት። ማንም ሥራሽን ልቀቂ አላላትም። ሐኪምና መሐንዲስ ካለበት ቤት ሥራ መልቀቅ ያለበት ማን እንደሆነ ለመወሰን ስብሰባ አያስፈልግም።

እሑድ እሑድ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። አስታማሚ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው የሚያስበው ተቀምጦ መጠበቅ ነው። እሷን ተቀምጣ አላየኋትም። ነጠላ በብብታቸው ሥር አሳልፋ፣ ጉልበቷን ከጉልበታቸው አጋጥማ፣ ከእሷ በጣም የሚከብዱትን ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ታሻግራለች። ጀርባቸው እንዳይቆስል ቀንም ሌሊትም ታገላብጣቸዋለች። ቀጭን ነገር ትን እንዳይላቸው አጥሚቱን ወፈር አድርጋ፣ አገጫቸውን ዝቅ አድርጋ፣ በትንሽ ማንኪያ ትሰጣቸዋለች። ዐሥር ዓመት ሙሉ የመኝታ ቁስል አልወጣባቸውም። ይህን ለማንኛውም ነርስ ብትነግሩ ይደነቃል። በዚያ መንደር ግን ሰው ሲያገኛት የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር፦ «ሥራ አልያዝሽም እንዴ እስካሁን?»

ጋሼ ንግግራቸውም ሄዶ ነበር። የቀሩላቸው ጥቂት ስሞች ናቸው፦ ውሃ፣ በር፣ ሬዲዮ፣ አልጋ። በእነዚያ ሁሉን ነገር ይጠሩ ነበር። ልጃቸውን የሚጠሩት «ውሃ» እያሉ ነው። ጠምቷቸው ይሁን እሷን ፈልገው የምታውቀው ፊታቸውን አይታ ነው።

መንደሩም አብሯቸው እየሞተ ነበር። በአንድ በኩል በቆርቆሮ ይታጠራል፣ ከዚያ ዶዘር ይገባል፣ ከዚያ አቧራው ጋብ ሲል የመስታወት ሕንፃ ይወጣል። ጎረቤቶቻችን ኮንዶሚኒየም እየደረሳቸው ከከተማው ዳር ተበተኑ። እድሩ ግን ለጊዜው አልተበተነም። የሄዱትም ለቀብር ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጡ ነበር።

ጋሼ የሞቱት አንድ ጠዋት ነው። እኔ ስደርስ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። ልጃቸው አልቅሳ ጨርሳ፣ ወይም ገና ሳትጀምር፣ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ።

«የሕይወት ታሪኩን አንተ ነህ አይደል የምትጽፈው?»

«እድሩ ጠይቆኛል።»

«ስማኝ፤ ዛሬ እንዲህ ብዬ ስናገር እንዳታፍርብኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ክሊኒክ አለ፤ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች ያስተኛል። አስታማሚ ይፈልጋሉ። ሄጄ አነጋግሬያቸው ነበር፣ አባባ ደከም ሲልብኝ። ሰርተፍኬት የለሽም አሉኝ። ግን ሰፈር ጠይቀን የእድር ዳኛሽ ከመሰከረልሽ እንወስድሻለን ብለዋል።»

«ዳኛው ያውቁሻል እኮ።»

«እሳቸው የሚያውቁት አባባን ነው። እኔን ቤት የምትውለው ልጅ ነው የሚሉኝ። አባባ ራሱ ደህና እያለ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚል ታውቃለህ? አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዱ መሐንዲስ ነው፣ እሷ እዚሁ ናት። እዚሁ ናት! በቃ። አንተ ግን ሥራዬን ጻፍልኝ። ሕዝብ ፊት ከተነበበ ማንም መካድ አይችልም። ዕድሜዬ ወደ ዐርባ ተጠግቷል። ከዚህ ሌላ የምችለው ነገር የለም።»

እሺ አልኳት።

የውጭ አገር አንባቢ ካለ፣ የሕይወት ታሪክ ማለት ምን እንደሆነ ልንገረው። ሟች ከመቀበሩ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በድምፅ ማጉያ የሚነበብ አንድ ገጽ ነው። መቼና የት እንደተወለደ፣ ምን እንደተማረ፣ የት እንደሠራ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ የስንት ልጆች አባት እንደሆነ ይናገራል። ልጆቹ ከእነሥራቸውና ከሚኖሩበት አገር ጋር ይጠራሉ፤ ውጭ ያሉት ይቀድማሉ። ጸባዩ ሁልጊዜ ሦስት ቅጽል ነው፦ ትሑት፣ ደግ፣ ሰው አክባሪ። ሰፈራችን ውስጥ ሚስቱን በየሳምንቱ የሚደበድብ አናጢ ነበር፤ እሱም ትሑት፣ ደግና ሰው አክባሪ ሆኖ ተቀበረ። ሚስቱ ከፊት ቆማ ሰማች። በአዲስ አበባ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም።

ቀብሩ ታላቁ ልጅ እስኪደርስ አንድ ቀን ቆየ። በማግስቱ ጠዋት ከአውሮፕላን ወርዶ መጣ፤ መሐንዲሱ ፈቃድ አላገኘም። ሐኪሙ ድንኳኑ ጥግ ከእድሩ ዳኛና ከእኔ ጋር ተቀመጠ። ዳኛው የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው፤ በሰፈሩ ቀብር ሁሉ አንባቢው እሳቸው ነበሩ። የጻፍኩትን አነበብኩላቸው።

እስከ ልጆቹ ድረስ ተስማሙ። ልጆቹ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦ አንዱ በአሜሪካ ሕሙማንን ያክማል፣ ሁለተኛው በካናዳ ድልድይ ይሠራል፣ ሦስተኛዋ አባቷን ዐሥር ዓመት እያጠበች፣ እያገላበጠችና እያጎረሰች አስታማለች። ሦስቱም የሚያደርጉትን ብቻ ነው የጻፍኩት። የጋሼም ሕግ አልተጣሰም።

ሐኪሙ እጁን አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ። እያጠበች ምንድን ነው? አባቴ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ይመጣሉ። ሰው ፊት እየታጠበ ነበር ይባላል?»

«ይታጠቡ ነበራ» አልኩት።

«ነበር! ግን ይባላል ወይ ነው የምልህ።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው፣ ልጄ። የሟች ገመና ነው። እኔም ይህን አፌን ሞልቼ አላነብም።»

«እሺ፣ ማጠቡ ይውጣ። አባቷን ያስታመመች ይባል።»

ሐኪሙ ወደ እህቱ አየ። እሷ ድንኳኑ በር ላይ ንፍሮ ለሚያዞሩት ሴቶች ሰሐን እያቀበለች ነበር። ልትሰማን በምትችልበት ርቀት ላይ ናት፤ እጇ ቆሟል። «እሷ ብቻዋን አስታመመች ካልን እኛ ምን አደረግን ሊባል ነው? ገንዘቡ ከየት መጣ? እኔ እዚያ ሁለት ቦታ እየሠራሁ ነው የላክሁት። አባትን ማስታመም የጋራ ነው። ደግሞ አስታማሚ ሲባል የተቀጠረች ነው የሚመስለው። እህቴን አገልጋይ ላስመስላት?»

«እሷ እንዲባልላት ትፈልጋለች።»

«ማን ነገረህ?»

«እሷ።»

«ሐዘን ላይ ናት» አለና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው። ጨካኝ አልነበረም። ዓይኑ ቀልቶ ነበር የጻፈው። አባቱን ዐሥር ዓመት ሳያይ ቀርቶ ሬሳ ላይ የደረሰ ሰው፣ በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ለራሱም አንድ ቦታ ፈልጎ ነበር። ሌላ ቦታ ስላጣ ከእሷ ቦታ ቆርሶ ወሰደ።

ሲጨርስ ለዳኛው ሰጣቸው። ዳኛው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡና «እንዲህ ነው የሚያምረው» አሉ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በድምፅ ማጉያ የተነበበው ይህ ነው፦ «መምህሩ በሕመማቸው ዘመን የሐኪሙ ልጃቸው፣ የመሐንዲሱ ልጃቸው እና የሴት ልጃቸው ሙሉና እኩል እንክብካቤ ሳይለያቸው፣ በክብር አርፈዋል።»

ሰውየው የአባቱ ልጅ ነው። ሦስቱ ሐረጎች በአንድ ዓይነት ተጀምረው በአንድ ዓይነት አልቀዋል። ጋሼ ቢያርሙት አንዲት ነጥብ አይነኩም ነበር። ሰልፉ ውስጥ የገባ ሁሉ እኩል ሆነ። አንድ ባሕር ማዶ ያለ ሰው፣ ሌላ ባሕር ማዶ ያለ ሰው፣ እና ወገቧ የጎበጠ ሴት፣ ዐሥሩን ዓመት ሦስት ቦታ ተካፈሉት። ዙሪያዬ የቆሙት ሴቶች «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» አሉ። የሚያዩት ሐኪሙን ነው። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። አላለቀሰችም። ሰዎች ይህን ልብ ብለዋል፤ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተወራ።

ሐኪሙ ሠልስቱን ውሎ ተመለሰ። ከክሊኒኩ አንድ ሰውዬ ሰፈር ድረስ መጥቶ ዳኛውን ጠየቀ። ይህን ስሰማ ወደ ዳኛው ቤት ሮጥኩ።

«ምን አሉት?» አልኳቸው።

«ያነበብኩትን ነዋ። ልጆቹ በጋራ እንደጦሩት።»

«እርስዎ እኮ ጎረቤት ነዎት! በዓይንዎ አይተዋል። ማን ሲያገላብጣቸው ነበር?»

ሐሰተኛ ሰው አይደሉም። «እሷ ናት» አሉ። «እኔ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ መቃብር አፋፍ ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ በራሴ አፍ ያነበብኩትን በሳምንቱ ዞሬ ሌላ ብል ምን ይሉኛል? ወይ ያኔ ዋሽቷል፣ ወይ አሁን ሟችን አዋረደ ነው የሚሉኝ። የተነበበ ተነቧል። ምነው አንተው አትመሰክርላትም?»

ሄድኩ። ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ጀርባ ሆና ሰማችኝ። ስለ ነጠላው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ጀርባቸው ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠችኝም።

«ምኗ ነህ?» አለችኝ።

«የአባቷ ተማሪ ነበርኩ።»

«እሱማ ገባኝ። ለሷ ምኗ ነህ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ፈገግ አለች። «የእድር ዳኛው ሌላ ነው የነገሩን። ለማንኛውም እንደውላለን።»

አልደወሉም። በዚያው ዓመት ቆርቆሮው አጥር እነሱ በር ደረሰ። ቤቷ ፈረሰ። ዛሬ ከከተማው ዳር፣ የአንዲት ዘመዷ ቤት ውስጥ ናት። ዘመዷ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ናቸው። እሷ ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። ደመወዝ የላትም። የአሮጊቷ ልጆች ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ «ማደሪያ ቸግሯት እናታችን ጋ አስጠግተናት ነው» ይላሉ።

ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። አሮጊቷ አጥንት ብቻ ሆነዋል፤ ረጅም ጊዜ የቀራቸው አይመስለኝም። ጀርባቸው ላይ ቁስል የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፦ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለች ሴት አለች። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ አሁን ፊቷ መጥቶባችኋል። በሽተኛው ሳይሞት፣ ዛሬ፣ ወደ እድራችሁ ዳኛ ሂዱና የምትሠራውን ሥራ በስሙ ጠርታችሁ በስሟ አስመዝግቡላት። ከቀብር በኋላ አትምጡ።